በቡጢ የሚከፈተው ኮፈን

«ይቅርታ ጋሼ… ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጀቤሳ ይህን ሲል መኪናዋ ከቡልቡላ ወጥታ፣ ባቱ ሳትደርስ፣ አስፋልቱ ዳር ቆማ እንፋሎት ትተፋለች።

ከኋላ ወንበር ሀኒ ሆዷን ይዛ ታቃስታለች። የቡልቡላ ጤና ጣቢያ «ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም፣ ቶሎ ባቱ ሆስፒታል አድርሷት» ብሎ ነው የላካት።

ባሏ ጋሽ ገሠሠ አጠገቧ ናቸው። መኪናዋ በራቸው ላይ ከቆመች ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ጀቤሳ ‹ጭንቀት ነው› ብሎ አለፈው…

እሱም ደክሞታል። ተሳፋሪ የሚያመላልስባትን ይህችን አሮጌ መኪና አዳማ ላይ በደላላ ከገዛት ወራት ቢሆነው ነው። ሻጩን እንኳ አላየውም፤ በውክልና ነው የተሸጠችለት።

ያኔ ድምፅ አልነበራትም። ቤት ካደረሳት በኋላ ነው የሞተሯ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጠዋት ጠዋት መጮህ የጀመረው። ቺንጋ ቀየረ፣ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጮኸች…

ሚስቱ ቡዜ «አንተ እጅ ላይ ምን ይበረክታል» አለችው።

አመናት። የደከመው ሰው ጥፋተኛ ነህ ሲሉት አይከራከርም።

«ስገዛት ጸጥ ያለች ነበረች ጋሼ። አያያዝ አጥቼ እኔ ነኝ ያበላሸኋት። ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ገሠሠ ቀስ ብለው ወረዱ።

ጀቤሳ የኮፈኑን ማንሻ ከውስጥ ሳበ። የዚህች መኪና ኮፈን እልኸኛ ነው፤ ግራ ጥጉን በቡጢ ካልመቱት አይከፈትም። ይህን ለተሳፋሪ ነግሮ አያውቅም።

ሽማግሌው ግራ ጥጉን በቡጢ መቱት።

ተከፈተ።

ጀቤሳ ከመኪናው ወርዶ እጃቸውን አየ።

«ቺንጋው ምን ያድርግ…» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ የተበጠሰውን እያነሱ። «የውሃ ፓምፑ መሽከርከሪያ ኩሽኔታ አልቋል። ቺንጋውን የሚበላው እሱ ነው። መቶ ጊዜ ብትቀይረው መጮሁ አይቀርም።»

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«መካኒክ ነግሮኝ ነበር። ማሠራቱ ከበደኝና ለሽያጭ አዳማ ላክኳት። ገዢ እንዳይሰማ ቺንጋውን ሳሙና ቀባነው፣ እኔና ደላላው…»

ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ደጃፌ ላይ ስትቆም አወቅኳት ልጄ። ሌላ መኪና ግን ጠፋ።»

ጀቤሳ ሊናገር አፉን ከፈተ። ያን ሁሉ ጊዜ ራሱን ሲወቅስ ኖሯል… ቡዜም ስትወቅሰው።

ከውስጥ ሀኒ አቃሰተች።

አፉን ዘጋና መንገዱ መሃል ገብቶ እጁን ዘረጋ። ቲማቲም የጫነ መኪና ቆመላቸው። ሀኒን ተሸክሞ ጋቢና ያስገባት ጀቤሳ ራሱ ነው። ጋሽ ገሠሠም አብረዋት ሄዱ።

አመሻሹ ላይ፣ ጎታች መኪና እየጠበቀ ሳለ ስልኩ ጠራ።

«ኦፕራሲዮን ሆና ወጣች…» አሉ ጋሽ ገሠሠ እያለቀሱ። «ትንሽ ብንዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉን።»

«እሰይ… እንኳን ተረፈች።» ከልቡ ነበር።

«ይቅር ትለኛለህ ልጄ?»

ጀቤሳ የተከፈተውን ኮፈን አየ። እጁን አየ። ያለበት ጥላሸት ብቻ ነው፤ ጥፋት የለበትም።

«ጋሼ… ዛሬ ደክሞኛል። ነገ ይደውሉልኝ።»

ወዳጆቼ… ከሌላው የደበቅነው ጉድ መንገድ አዙሮ የኛኑ በር ያንኳኳል። የሚጮኸውን ነገር ሳሙና ስለቀባነው አልዳነም፤ ዝም ነው ያለው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የኛን ጥፋት ሌላው ‹የኔ ነው› ብሎ ተሸክሞት መዞሩ ነው።

እስቲ እናንተ በጀቤሳ ቦታ ብትሆኑ… በማግስቱ ያ ስልክ ሲጠራ ምን ትመልሱ ነበር?

ከልባችሁ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።