የአባባ ሞተር

ልጅቷ በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ኃላፊ ናት። አጥር ዘሎ ሊጠፋ ያሰበን ተማሪ ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ታውቀዋለች ይባልላታል። በዚያ ሰሞን ግን ሊጠፋ ያሰበ ሰው ያገኘችው ከገዛ ቤቷ ነው። አባቷን።

አባትየው ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ከአልጋና ከበረንዳ ውጭ የማይታወቁ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሬዲዮው ጮኸ እያሉ ሲነጫነጩ የሚውሉ ጡረተኛ ናቸው። ድሮ ግን ሞተር ነበራቸው። ያ ሞተር ልጅቷ ነፍስ ሳታውቅ ዕቃ ቤት ገብቶ፣ ሸራ ለብሶ፣ የተሰበረ ወንበርና አሮጌ ፍራሽ ተቆልሎበት ቀርቷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወሬው እሱ ነው። እሳቸው ከፊት፣ ሚስታቸው ከኋላ ሆነው ያልረገጡት አገር የለም። እናትየዋ ደግሞ ወሬው እዚያ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ሻይ ሊቀዱ ብድግ ይላሉ።

ሞተሩ ይታደስ ያሉት እናትየዋ ናቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው ሳይከደን ድምፁን ይስሙት አሉ። መካኒኩንም ራሳቸው ፈልገው አመጡ። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ቃል ከአፉ በመከራ የሚወጣ፣ ከመሬት ሲነሣ ወገቡን የሚይዝ ሰው ነው።

ሸራው ሲገለጥ ሞተር የሚያሰኘው ነገር አልተረፈውም ነበር። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ሰንሰለቱ ዝጎ ደርቋል፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ አይጥ ወልዳ ለወግ ለማዕረግ አብቅታበታለች። የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል። መካኒኩ ካርቡራተሩን ፈታትቶ ዘፈዘፈው፤ ካንዴላውን ለወጠ፤ ሲሊንደሩ እስኪላቀቅ ዘይት እያንጠባጠበ ጠበቀ። ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው የፍሪሲዮን እጀታ ለምን ለትንሽ እጅ እንዲመች ተደርጎ እንደተጣመመ ሲጠይቅ፣ አባትየው ከበረንዳ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ዝናቡ አነሡ።

የልጅቷ ዓይን ግን ነርሷ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ እየመጣች የአባትየውን ጉልበት የምታሽ ሳቂታ ሴት ናት። ሞተሩ መፈታት ከጀመረ ወዲህ አባትየው በየቀኑ ይላጫሉ፣ ጫማቸው ይጠረጋል፣ የመኝታ ቤታቸው በር ይዘጋል። ከውስጥ ወንበር ሲንቋቋ፣ አባትየው ሲያቃስቱ፣ ነርሷ ስትስቅ ይሰማል። አንድ ቀን ልጅቷ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

“ሐሙስ ይደርሳል” አሉ አባቷ። “እስከዚያ እሷ እንዳትሰማ።”

ለወንድሟ ደውላ ስትነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ያለ ከዘራ ሽንት ቤት የማይደርስ ሰው ከማን ጋር ነው የሚጠፋው ሲል ጠየቃት።

“በእግሩ መጥፋት ያቃተው ሰው ነው በሞተር የሚጠፋው” አለችውና ዘጋችበት።

ግቢው ውስጥ እናትየዋ መካኒኩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መፍቻ ያቀብሉታል። የኋላው መቀመጫ ስፖንጅ ይጨመርበት፣ የሚቀመጥበት ሰው ወገቡን እንዳያመው ብለው አዘዙ። ልጅቷ ይህን ሰማች። እናቷ ምንም ሳያውቁ ለጣውንታቸው ወንበር እያደላደሉ ነው።

አላስችል ሲላት ወደ ጓዳ ጠርታ፣ እየፈራች እየተባች ነገረቻቸው። እናትየዋ አልደነገጡም። ቀሚሳቸው ላይ ያለውን የግራሶ እድፍ ሲፈትጉ ቆዩና፣

“ሰው በዚህ ዕድሜው ነፍሱ ያማራትን ቢያደርግ ምን ይባላል፣ ልጄ?” አሉ።

ልጅቷ በእናቷ ትዕግሥት አለቀሰች። ወጥታ የሞተሩን ቁልፍ ከመካኒኩ ተቀበለችና ለእናቷ ሰጠች። ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም እንዳይነካው፣ ሌት ተቀን ከአንገታቸው እንዳያወልቁት አስጠነቀቀቻቸው። እናትየዋ እሺ ብለው ግንባሯን ሳሙ፤ ስመውም ቶሎ አልለቀቋትም።

ሐሙስ ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። መካኒኩ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ፤ የሥራው ምርቃት መሆኑ ነው ብላ አለፈችው። ሞተሩ ሲረገጥ አስነጠሰ፤ ሲደገም ሳለ፤ ሲሠለስ ግቢውን በጭስ ሞልቶ አገሣ። ልጅቷ ግን ወደ ሞተሩ ዞር ብላ አላየችም። ወደ አባቷ ክፍል በርራ ገባችና በሩን ከውስጥ ቆልፋ ተደገፈችው።

አባትየው አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ ነርሷ ክንዳቸውን ይዛ፣ ሊወጡ ተነሥተው ነበር።

“የትም አይሄዱም፣ አባባ።”

አባትየው መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ቆይተው ሲገባቸው ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ነርሷ ይህን ያህል ጊዜ ስታስተምራቸው የኖረችው እግር ማንሣት መሆኑን እየተንተባተቡ ተናገሩ። የወንበሩን መደገፊያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡ፤ አቃሰቱ፤ ቀኝ እግራቸውን በመቀመጫው ላይ አሻግረው እንደ ሞተር ተፈናጠጡት። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፊታቸው ግን የሙሽራ ነው።

“ለእናትሽ ነው” አሉ። “ዕድሜዋን ሙሉ በነገር ሳነዳት ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ደስ ብሏት ልያት ብዬ ነው።”

ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ በሩን ከፈተችና፣ ሮጣ በረንዳው ላይ ወጥታ፣ “እማዬ፣ አባባ ይፈልጉሻል” ብላ ተጣራች።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እናትየዋ መሪውን ጨብጠው፣ መካኒኩ ከኋላቸው በአንድ እጁ ወገባቸውን አቅፎ በሌላው ሻንጣቸውን ይዞ፣ ማርሽ ቀየሩና ኩርባውን ታጠፉ።