ዘመኑ ነው

«ታዲያ ጎረቤቶቿ ለምን ዝም አሉ?» ይላሉ መምህሩ። የጥንቱን የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ እየተማርን ነው። በእጃችን ባለው ጽሑፍ ላይ ሰፋሪዎቹ አንዲትን ሴት ጠንቋይ ናት ብለው እየጎተቱ ወስደው ይሰቅሏታል። ሰፈርተኛው በሙሉ ቆሞ ያያል።

እጄን አወጣለሁ። እኔ ካልመለስኩ ያመኛል። «በዛሬ ዓይን መፍረድ የለብንም፣ መምህር። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ዘመኑ ነው።»

«አበጀሽ!» ይሉና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ይጽፉታል። ዘመኑ ነው። ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። «አንቺ ምላሳም፣ ለእኛም አስተርፊልን እንጂ!»

በሩ በእርግጫ ይበረገዳል። ታላቅ ወንድሜ ነው። ክው እላለሁ። ለጓደኛው ሊድረኝ ቃል ከሰጠ ወዲህ ትምህርት በቃሽ ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምውለው እያልኩ ስሸውደው ከርሜያለሁ።

«ልብስ ስፌቱ ይሄ ነው?»

«ጋሼ፣ በናትህ፣ ውጭ እንነጋገር...»

ጥፊው ጆሮዬን ጭው ያደርገዋል። ፀጉሬን በእጁ ጠምጥሞ ሲጎትተኝ ዴስኩ አብሮኝ ይወድቃል። ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ ይላጣል። እጁን እነክሰዋለሁ፤ ደሙ አፌ ውስጥ ሲገባ ደስ ይለኛል። አፍንጫዬን በቡጢ ይለኛል። አሁን የማን ደም እንደሆነ አላውቅም።

«ኧረ ተው፣ ወንድም!» ይላል አንዱ ከኋላ፣ ቁጭ እንዳለ። ጓደኛዬ እንዳንረግጣት እግሯን ትሰበስባለች። መምህሩ ጠመኔያቸውን እንደያዙ፣ «የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ እንግዲህ... ብቻ ቀስ ብላችሁ» ይላሉ።

ቀስ ብላችሁ!

የበሩን መቃን በሁለት እጄ ሙጭጭ አድርጌ እይዛለሁ። ዛሬ ከዚህ ከወጣሁ እንደማልመለስ አውቃለሁ። ወንድሜ ጣቶቼን በቡጢ ይቀጠቅጣቸዋል። አንዱ ቀጭ ይላል። በደሙ መሀል የክፍሉን ልጆች አያቸዋለሁ፤ ደብተር ያዋሱኝ፣ አብረውኝ የሳቁ ናቸው። አንድም ክፉ ሰው የለባቸውም።

«መምህር!» ብዬ እጮሃለሁ። «መልሴን ያጥፉልኝ! ተሳስቻለሁ፣ ያጥፉልኝ!»

መምህሩ ይደነግጣሉ። ወንድሜን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። ከዚያ ዳስተሩን ያነሱና፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ሰሌዳውን ማጥፋት ይጀምራሉ።