ስንት ምት?

«እትዬ፣ እዚያው ልትቀበሪ ነው እንዴ?» ፍሉሪን የሚባለው ታናሽ ወንድሟ አልጠብቅም ብሎ ቀድሟት፣ ከበላይዋ ባለው በረዶ የሸፈነው ተዳፋት መሃል ቆሞ ሳቀባት። «በስንት ምት እንደተናደ በጣትሽ አሳዪኝና ተንሸራትቼ ልውረድ!»

ኡርሲና በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክካ፣ ከበረዶው ግድግዳ አንድ ምሰሶ ለይታ ቆርጣ ነበር። አካፋዋን አናቱ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ልትመታው ነበር፤ ምሰሶው ሳይናድ ብዙ ምት ከቻለ ተዳፋቱም ወንድሟን ይችላል፤ ቶሎ ከተናደ ግን የተዳፋቱ በረዶም ወንድሟን ይዞ ይናዳል። ገና አካፋውን ስታነሳ ግን ምሰሶው ማንም ሳይነካው ከወገቡ ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ወደቀ። ከተሰበረበት በታች ያለው በረዶ እንደ ስኳር ተፈረፈረ።

«እሺ፣ ስንት ሆነ?»

መጮህ ፈራች። ክንዷን ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሳችና እጇን ጨብጣ አሳየችው። አንድም ጣት አልዘረጋችም።

ሳቁ ቆመ። ሊራመድ ያነሳውን እግሩን የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው።