ከሞቷ ዜና ሥር

«ንገሪው፣ የያዘው ማውስ ነው እንጂ መዶሻ አይደለም» ይለኛል በያጁ፤ አናጢው እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማው።

አብሮ አደጎች ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ግን የሚነጋገሩት በሰው አፍ ነው። ዛሬም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የጠራኋቸው ለሽምግልና አይደለም፤ እኔ ልጃቸው የምሆን ምን አቅም አለኝ! ነዋሪው ሁሉ እየገባ የሚጽፍበትን የሰፈራችንን ዊኪ የማስተዳድረው እኔ ነኝ፣ አዲስ የውይይት ሶፍትዌር ልንሞክር ነው። በድሮው ሁሉም ከገጹ ግርጌ ስለሚጽፍ ማን ለማን እንደመለሰ አይለይም። በአዲሱ መልስ የሚገባው ከተመለሰለት ጽሑፍ ሥር ነው፤ የድሮውን ቃል ደግሞ የጻፈው ሰው ራሱ ጎትቶ ቦታው ያስገባዋል። ዛሬ አዲስ የሚጻፈው ለሙከራ ስለሆነ ስንጨርስ ይጠፋል ብያቸዋለሁ።

የአናጢው መስመር በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል፦ «እሰይ፣ ተገላገልን!» ልክ ከበላዩ በያጁ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፈው አለ፦ «ባለቤቴ ዛሬ ንጋት ላይ አርፋለች።»

ያቺን የአናጢውን መስመር አጥፊልኝ ብሎ በያጁ ስንቴ ለምኖኛል። የሰው ቃል አይሰረዝም፣ ደንብ ነው እያልኩ መለስኩት። ደንቡ ገደል ይግባ፣ ፊቱን ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

አናጢው ሙጫ በደረቀበት ጣቱ መስመሯን ይዞ ወደ ላይ ይጎትታል። የሞቷን ዜና ያልፋል። ከዚያ በላይ፣ «መንገድ ዳር ሲያደነቁረን የከረመው ጄኔሬተር ተነሳ» ከሚለው ሥር ይለቃታል።

«ጄኔሬተሩን ነው?» ይላል በያጁ። «ንገሪው፣ ምነው ያኔ አልነገረኝም?»

«ንገሪው፣ ለቅሶ ልደርስ ስመጣ በር ዘጋብኝ። ምክንያቱን ከሰው ስሰማ ደሜ ፈላ። በሞት የምስቅ ከመሰልኩት ይምሰለው አልኩ።»

አይ ኩራት! ሁለት ትልልቅ ሰዎች! ልቆጣቸው አፌን ስከፍት በያጁ ይቀድመኛል። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው።

«ሥሯ ባዶ ሆነ» ይላል።

እውነቱን ነው። ያኔ የአናጢውን መስመር ያየ ሁሉ ደንግጦ፣ ከሞቷ ዜና ሥር ሌላ ማንም አልጻፈም።

አናጢው ከሞቷ ዜና አጠገብ «መልስ» የሚለውን ይጫናል። በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል እየፈለገ ይጽፋል፦ «እህቴ፣ ነፍስሽን ይማረው። በቀብርሽ ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር።»

በያጁ ደጋግሞ ያነበዋል። ከዚያ ወንበሩን ጠጋ ያደርጋል፤ ወደ እኔ ግን አይደለም።

«ሙከራ ነው ብላለች፣ ልታጠፋው ነው» ይለዋል። «ንገራት። እንዳታጠፋው ንገራት።»