አባዬ ያበቀለው ተራራ

ባለካርታው እንጀራው የሰው ፍጥነት መሳል ነው። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል እንጂ ደመወዝ ይከፈልበታል። የጭነት መኪኖች ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ የት፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደተነዱ ይልክለታል፤ እሱ ደግሞ መንገዱን ባለ ሦስት ገጽታ ካርታ ላይ ያነሳዋል። ቀስ ብሎ የነዳ ሾፌር ዝቅ ያለ አረንጓዴ መስመር ይሆናል። የከነፈው ቀይ ግንብ ሆኖ ይቆማል። በዚህ ግንብ ስንቱን ሾፌር ከሥራ አስወጥቷል፤ «ነገር በዓይን ይገባል» ይላል ሲጠየቅ።

አንድ ቀን የወላጆቹ ሰፈር ባለሱቅ ደወለለት።

«ያባትህ መኪና ትናንት ስታልፍ ነፋስ መስሎን መስኮት ዘጋን» አለው።

«አባቴ ነው የሚነዳው?»

«መኪናዋ የሳቸው ናት። በዚያ አቧራ ውስጥ ማን ሰው ይለያል?»

ባለካርታው ደነገጠ። አባቱ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና መንዳት ያስተምሩ ነበር። ግማሹን ከተማ «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ መሪ ያስጨበጡ ሰው ናቸው። አሁን ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ የሚወጡት ግድግዳ ተደግፈው ነው። እርጅና ሰውን እንዲህ ያጃጅላል ብሎ አሰበ። ማንንም ሳይጠይቅ ፈረደ፤ ማስረጃው በኋላ ይደርሳል።

እሑድ ሊጠይቃቸው ሄዶ አንድ የጂፒኤስ መከታተያ ሾፌሩ ወንበር ሥር ሊደብቅ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ሲቀመጥ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል፤ ላዩ ላይም ወፍራም ትራስ አለ። ያ ዘንካታ ሰውዬ በእርጅና እንዲህ ይጠር?

የዚያኑ ቀን እናቱን በራሱ መኪና አክስቱ ቤት አደረሳቸው። እናቱ መሪ ሲጨብጡ አይቶ አያውቅም። መኪና እንደሚፈሩ ግን እርግጠኛ ነው፤ እሱ በነዳ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፣ ፍሬን ፍለጋ። ለእሳቸው ሲል ይበልጥ ቀስ አለ። እሳቸውም ይበልጥ ረገጡ።

«ዛሬ እንደርሳለን?» አሉት።

«በሰላም እንደርሳለን፣ እማዬ። አይዞሽ።»

ሰንበት ብሎ መከታተያው የላከውን ሲከፍት ዓይኑን ማመን አቃተው። ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው ሜዳ ላይ ቀይ ተራራ በቅሏል። ከጭነት ሾፌሮቹ አንዱም እንኳ እንዲህ ያለ ጉድ አልሠራም። ኩርባው ላይ ሳይቀር ቀይ ነው። ባለካርታው እንደ ባለሙያ ተደነቀ፤ እንደ ልጅ ግን ፈራ። የአባቱ ቀብር ታየው። የእናቱም ታየው፤ የትም ሲሄዱ አብረው ናቸውና።

ያበጠው ይፈንዳ ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት እህቱን ይዞ መጣ። ካርታውን ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ከፍቶ፣ ልክ እንደ ቢሮው ቆሞ፣ በእስክሪብቶ እየጠቆመ ማስረዳት ጀመረ።

«ይሄ ተራራ ምንድን ነው?» አለች እህቱ። «እዚያ ጋ እኮ ሜዳ ነው።»

«ተራራ አይደለም። አባዬ ነው።»

አባት ቴሌቪዥኑን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ።

እናት መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። «ትልቁ ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ከዚህ የሚበልጥ የለም?»

«ይሄ አይበቃም?» አለ ባለካርታው። ድምፃቸው ውስጥ የሰማው ድንጋጤ ልቡን ነካው።

«እዚህ ጋስ ለምን ዝቅ አለ?»

«ገበያው በር ነዋ። እግረኛ ይበዛል።»

«እሱስ ይበዛል» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ።

እህቱ ትከሻቸውን አቀፈች። «ማን ይናገር የነበረ ነው፣ እማዬ። አንቺው ንገሪው እስቲ።»

«እኔ ምን እላለሁ? መኪና ውስጥ ከገባሁ መንገዱን ነው የማየው።»

«ሰማህ፣ አባዬ? ዞር ብላ እንኳ አታይህም።»

«ቤት ስንገባ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ እውነት ነው» አሉ አባት። «ጥፋቱም የኔ ነው። ካስተማርኳቸው ሁሉ አልታረም ያለኝ አንድ ተማሪ ብቻ ነው።»

የባለካርታው ፊት ቀላ። መንጃ ፈቃዱን ያገኘው ደጋግሞ ወድቆ ነበርና ለሱ የተወረወረ መሰለው።

«ነገር አታዙር። ቁልፉን አምጣ።»

«ያለ መኪና ከዚህ ቤት እንዴት ልንወጣ ነው?» አሉ እናት። አሁን ድምፃቸው በእውነት ተንቀጠቀጠ።

«በታክሲ። በሕይወት።»

አባት ቁልፉን ሸክም እንደሚያራግፍ ሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መኪናዋ እንድትሸጥ ተወሰነ። ገዢ መጥቶ ሊያያት ስለሚችል ግን ቁልፉ ከቤት መውጣት አልነበረበትም። ባለካርታው አሰበበትና ብልሃቱን አገኘ፤ ቁልፉን እናቱ መዳፍ ላይ አድርጎ ጣታቸውን አጠፈላቸው።

«በዚህ ቤት የማምነው አንቺን ብቻ ነው፣ እማዬ። ቢለምንሽም እንዳትሰጪው።»

«አልሰጠውም» አሉ እናት።

መከታተያውን ከወንበሩ ሥር ፈትቶ ኪሱ ከተተ፤ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ እህቱን ይዞ፣ ሁለት ነፍስ ያዳነ ሰው ደስታ እየተሰማው፣ ቀስ ብሎ እየነዳ ሄደ።

የልጃቸው መኪና ከሰፈሩ ኩርባ ኋላ ሲሰወር እናት ትራሱን አመቻችተው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፤ «በል ግባና ቀበቶህን እሰር» አሉ ባላቸውን፣ «ዛሬ በገበያው በር አንሄድም።»