የአራተኛው ምዕራፍ ፍርድ

ጡረተኛው የሥነ ምግባር መምህር መናፍስት ስለሚያዩ ወጣቶች የሚተርከውን ተከታታይ ድራማ አራተኛ ምዕራፍ ለማሳለፍ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ገምግመው ሲጨርሱ፣ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ።

«በመጀመሪያው ምዕራፍ የሞተ ሞቶ ይቀር ነበር። አሁን የተቀበረው ሁሉ ተነሥቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል! ሞትን ያህል ነገር መቀለጃ አደረጋችሁት!»

«ጋሼ፣ ተመልካቹ እኮ ‹መልሱልን› ብሎ ለመነን» አለች ደራሲዋ ሜላት። «እርስዎ ካልፈረሙ ድራማው ይቋረጣል።»

«ይቋረጥ! የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ የሞተም አይመለስም። ወጣቱ ይህን ይማር!»

ሳይፈርሙ ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው በር ላይ ጠበቋቸው።

«የንስሐ አባታችን ዛሬም ጠየቁኝ። ልጃችንን ባሕር ከበላው ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ተዝካሩን መቼ ነው የምናወጣለት?»

«ምን ያስቸኩላል?» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «መጥቶ የገዛ ተዝካሩ ወጥቶ ቢያገኝ ምን ይለናል?»