ምነው ከሳሽ?

ጉርሻው የመኪያ አፍ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ከጉርሻው በላይ የሸሪፋ ዓይኖች አሉ፤ የሚያዩትም የመኪያን አንገት ነው፣ ከጥቂት ወራት በፊት ድርብ የነበረውን።

«ምነው ከሳሽ፣ እህቴ? ሽማግሌ የላክን ጊዜ እንዲህ አልነበርሽም።»

«የሠርግ ሐሳብ ነው፣ እትዬ ሸሪፋ» አለች መኪያ፤ ለመሳቅም ሞከረች።

«እኔስ ልጅ እየዳርኩ አይደል? ይኸው በርሜል አክያለሁ!»

ጉርድ ሾላ ባለው የመኪያ ሳሎን፣ ምሳው ላይ ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ መኪያ፣ ልጇ ሳና፣ የሳና አማት ልትሆን አንድ ወር የቀራት ሸሪፋ። ሸሪፋ በሆዷ የያዘችውን ጥያቄ መኪያ አላጣችውም። ዘመኑ ክፉ ነው። የከሳ ሁሉ ስሙ በማይጠራው በዚያ በሽታ ይጠረጠራል። የመኪያ ባል አብዱልጀባር ደግሞ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባል ሾፌር፣ ሚስት የከሳች፤ ቀሪውን ሰፈሩ ራሱ ይጨርሰዋል። የሳናም ሠርግ አብሮ ይቀራል።

«ሐኪም ቀንሺ ብሎኝ ነው» ብትልስ? እሱንማ በሽተኛው ሁሉ ይለዋል! ደግሞ ጤነኛን ሰው ክሳ የሚል ሐኪም ማን ሰምቶ ያውቃል?

እሷ ግን ሰምታለች። ቦሌ ክሊኒክ ውስጥ ዶክተር ዓምደሚካኤል የደም ውጤቷን ይዞ፣ «ቁስል የለብዎትም፣ ደምዎ ግን ብግነት፣ የውስጥ መቆጣት፣ ያሳያል» አላት። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር እንዳልሆነም አስረዳት። ራሱ ስቡ «በቃኝ» የሚል መልእክት በደም ወደ አንጎል ይልካል። ስቡ ሲበዛ መልእክቱም ይበዛል፣ አንጎል ግን መስማት ይተዋል። ብግነቱና ይህ አለመስማት ሳይያያዙ አይቀሩም ይባላል፤ ጥናቱ ገና ነው። «ሆዳም ስለሆኑ አይደለም» አላት። «ካልቀነሱ ግን ልብዎ ያሰጋኛል።»

ሆዳም ስለሆነች አይደለም! ከልጅነቷ ጀምሮ የተለጠፈባትን ስም አንድ ሰው አነሳላት። ታክሲ ውስጥ በደስታ አለቀሰች፣ ሳናም አብራት። ከዚያ ወዲህ ሳና ጠባቂዋ ሆነች። ስኳሩን ትደብቃለች፣ እንጀራዋን ትቀንሳለች፣ እጇ ወደ ትሪው ሲመለስ «እማ፣ በቃሽ» ትላታለች። አንጎሏ ያልሰማውን ቃል መኪያ ከልጇ አፍ ትሰማዋለች።

«አፈር ስሆን!» አለች ሸሪፋ።

መኪያ ጎረሰች። የዶሮው ቅቤ ምላሷ ላይ ሲቀልጥ፣ ስንት ወር ያስተኛችው ረሃብ ብድግ አለ። መጣፈጡ አሳፈራት።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሸሪፋ ሁለተኛውን አስከተለች። ከዚያ ሦስተኛውን። መኪያ ሁሉንም ዋጠች፤ እጇም ሳታዘው ትሪው ላይ ወረደ። ሸሪፋ ስታያት ቆይታ በረጅሙ ተነፈሰች።

«አልሐምዱሊላህ! የታመመ ሰው እንዲህ አይበላም። ወላሂ፣ ሰው ሲያወራ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እስከ ሠርጉ መልሰሽ ወፍሪልኝና አፋቸውን እንዝጋው።» ወደ ሳና ዞረች። «አንቺስ? እናትሽን አታጎርሻትም?»

ሳና እናቷን አየቻት። መኪያም አኘከችና ዋጠች፣ ያቺን የለመደቻትን ቃል ጠበቀች። በቃሽ በይኝ፣ ልጄ።

ሳና ከሥጋው መርጣ ጠቀለለች። ጉርሻው ትልቅ ነው።

«እማ» አለች፣ «በሞቴ።»

መኪያ አፏን ከፈተች።